ስለ ቡታጋዝ
ቡታን ከድፍድፍ ነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ተለይቶ የሚወጣ፥ 4 የካርቦንና 10 የሃይድሮጂን አቶሞች የተዋሐዱበት ነዳጅ ነው፤ ሕዝባችን ጋዝ ከሚለው ላምባ ፈጽሞ ይለያል። በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ሆኖ በብረት ሲሊንደር ይታሸጋል፤ ሲከፈት ወደ ጋዝነት ተመልሶ ይነዳል። ለምድጃ ብዙውን ጊዜ ከፕሮፔን ጋር ይቀላቀላል።

እኛን እጅግ የሚያሳስበን ክብደቱ ነው። ከአየር እጥፍ ያህል ስለሚከብድ፥ ያመለጠው ጋዝ እንደ ጢስ ወደ ጣራ አይወጣም፤ እንደ ውሃ በወለሉ ላይ ይተኛል። በሥዕለ አድኅኖ ፊት የሚበራ ጧፍም ቢሆን ከሲሊንደሩ ይራቅ። ቡታን በራሱ ሽታ የለውም፤ የሚከረፋው ሽታ ለማስጠንቀቂያ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። ይህ ሽታ ሲመጣ ሲሊንደሩን ዘግቶ በርና መስኮት መክፈት እንጂ ክብሪት መጫር፥ የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ መንካት አይገባም። መጋጠሚያው ቢያጠራጥር የሳሙና አረፋ ይቀባ፤ አረፋው ቢነፋ ጋዝ እያመለጠ ነውና ሳይጠገን አይለኮስ።