ዋስ የሌለው ልጅና የመጀመሪያው የሥራ ደጃፍ



ውድ አንባቢያን፣ አንድ የቲም ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ የምስክር ወረቀቱን በእጁ ሲይዝ ደጋፊዎቹም እንደ ወላጅ ደስ ይለናል። ፎቶግራፍ እናነሳለን፣ ዱዓ እናደርጋለን፣ ከዚያም ስሙን ከድጋፍ መዝገባችን እናወጣለን። ይሁን እንጂ ልጁ በማግስቱ የሚገባበትን ጎዳና ስንቶቻችን ተከትለን አይተናል? በዚህ ጽሑፍ ያለ አንዳች የሥራ ልምድ በጤናው መስክ የመጀመሪያ ሥራቸውን ስለሚፈልጉ ልጆቻችን እናወሳለን።

ከምናውቃቸው አንዷ አባቷን በሕፃንነቷ ያጣች ናት። እናቷ እንጀራ እየጋገረች አሳደገቻት፤ ከጤና ኮሌጅ በነርስነት ተመርቃ የብቃት ምዘናውንም አለፈች። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ያህል ማስታወቂያ ስታነብ ቆየች፤ አብዛኛው «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያላት» የሚል ነበር። በመጨረሻ አንድ የግል ክሊኒክ ጠራት፤ የጽሑፍ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አለፈች። ሥራ ልትጀምር ስትል «ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ አምጪ» ተባለች። አጎቷ የጉልት ነጋዴ፣ ጎረቤቷ የቀን ሠራተኛ ነው። ሦስት ቀን ዞራ አጣች፤ ቦታው ለተከታይዋ ተሰጠ። ነገሩን የሰማነው ካለፈ በኋላ ነው። «ለምን አልነገርሽንም?» ብንላት «ድጋፌ አልቋል ብዬ ነው» አለችን። ይህ መልስ ለክሊኒኩ ሳይሆን ለእኛ ወቀሳ ነው። ይህንን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳንም እርሱ ነው።

የልምድ ጥያቄ ከየት መጣ?

በጤና ተቋም የሚፈጸም ስሕተት የሰውን ሕይወት ይነካል። ስለሆነም ቀጣሪው አዲስ ሰው ሲመጣ «ማን ይመሰክርለታል?» ብሎ መጠየቁ አያስገርምም። የልምድ ዓመታት ዋና አገልግሎትም ምስክርነት ነው። እንግዲህ ዓመት የሌለው ልጅ ሌላ ምስክር ማቅረብ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ምስክር በትምህርት ጊዜ በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ የተደረገው የተግባር ልምምድ ነው። ብዙ ተመራቂዎች ይህንን እንደ ልምድ ስለማይቆጥሩት በማመልከቻቸው አይጠቅሱትም። በየትኛው ክፍል፣ ለስንት ሳምንት፣ በማን ተቆጣጣሪነት ምን ምን እንደሠሩ ለይተው ቢጽፉት ወረቀታቸው ባዶ አይሆንም። ያሠለጠናቸውም ባለሙያ ሳይረሳቸው የድጋፍ ደብዳቤ ቢጠይቁት መልካም ነው። በሌላ በኩል «ዜሮ ዓመት» የሚሉ ማስታወቂያዎች አሉ፤ እነዚህ በቀጥታ ለአዲስ ተመራቂ የወጡ ናቸውና ከሁሉ በፊት ይፈለጉ።

በሮቹ ብዙ ናቸው

አብዛኛው ልጅ ዐይኑ በትልልቅ ከተማ ሆስፒታሎች ላይ ነው። ነገር ግን የአገራችን የጤና አደረጃጀት ከታች የሚጀምር ነው። የገጠር ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሰው፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግሉ የታቀዱ ናቸው። ከዋና ከተማ ራቅ ባለ ወረዳ የሚወጣ ቦታ ተፎካካሪው ያነሰ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ሁለት ዓመት ያገለገለ ልጅ ልምድ የሚጠይቀውን ማስታወቂያ ያለ ሥጋት ያነባል።

ልምድ ማጣት የማይሻገሩት ገደል እንዳልሆነ ያሳየን አንድ ትልቅ ምሳሌ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የተመለመሉት በዚያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ የአካባቢያቸውን ቋንቋ የሚያውቁ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ለአንድ ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት እየሆኑ በየቀበሌው ተመደቡ። ከዚያ በፊት ልምድ አልነበራቸውም፤ ዛሬ ግን ቁጥራቸው ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆኖ የገጠሩ ጤና ምሰሶ ናቸው።

የጤና ሙያ ያልተማረ ልጅም ቢሆን በር አለው። ካርድ ክፍል፣ ገንዘብ መቀበያ፣ ጽዳት፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ምግብ ዝግጅት፣ ሕመምተኛን በተሽከርካሪ አልጋ ማመላለስ፣ እነዚህ ሁሉ የጤና ተቋም ሥራዎች ናቸው። አንዳንድ ወላጆች «ልጄ ተምሮ ካርድ ያወጣል?» ሲሉ እንሰማለን። ሐላል ሥራ ውርደት የለበትም። ከዚህም ሌላ በተቋሙ ውስጥ ያለ ሰው ክፍት ቦታ ሲወጣ ቀድሞ ይሰማል፤ ሰዓት አክባሪነቱንና ጠባዩንም ኃላፊዎቹ በዐይናቸው አይተዋል።

የበጎ ፈቃድ አገልግሎትም ሌላው መንገድ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ሲሆን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠናም ይሰጣል። ሥራ በመጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ በዚህ ቢያዝ ሥራ ፈት የነበረው ወራት በማመልከቻው ላይ አገልግሎት ሆኖ ይጻፋል።

ወረቀት ቀድሞ ይስተካከል

በቴክኒክና ሙያ ደረጃ የተማረ ልጅ የብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን፣ ማለፍ አለበት። በዲግሪ የሚመረቁ የጤና ባለሙያዎችን በተመለከተ ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሙያ ፈቃድ ምዘና መስጠት ጀምሯል። ከዚህ ቀጥሎ የሙያ ምዝገባና ፈቃድ ይወጣል። ያለ ሙያ ፈቃድ መርፌ መውጋትም ሆነ መድኃኒት መስጠት በሕግም በአላህ ዘንድም ያስጠይቃል። «ልምድ እንድታገኝ ነው» ተብሎም ቢሆን እሺ ሊባል አይገባም።

በየቲሞች ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ እክል ደግሞ የስም ጉዳይ ነው። አጎቱ ወይም የእናቱ ባል ትምህርት ቤት ሲያስመዘግበው በራሱ ስም አስመዝግቦት፣ መታወቂያው ግን በእውነተኛው አባት ስም የወጣ ልጅ ብዙ ነው። አንዱ ወረቀት «ሙሐመድ»፣ ሌላው «መሐመድ» የሚልበትም አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ በርካታ ልጆች የልደት ማስረጃ ሳይኖራቸው አድገዋል። ቀጣሪ ወረቀት ሲያመሳክር ስሙ ካልገጠመለት ያስተላልፈዋል። ስለዚህ አሳዳጊዎች ሆይ፣ ይህንን ልጁ ሥራ ሊገባ ሲል ሳይሆን ገና በትምህርት ላይ ሳለ አስተካክሉ። ልጅን በእውነተኛው አባቱ ስም መጥራት ደግሞ ዲናችንም ያዘዘው ነው።

ቃለ መጠይቅና የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ጀማሪን ሲጠይቁ ብዙውን ጊዜ መሠረታዊ ነገር ይጠይቃሉ። እጅ መቼ ይታጠባል? ሕመምተኛን ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ ፈሳሽ ከነካ በኋላ፣ ሕመምተኛውን ከነካ በኋላ፣ በዙሪያው ያለውን ዕቃም ከነካ በኋላ ነው። በሳሙናና በውኃ ሲሆን ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። ቆሻሻ እንዴት ይለያል? ተላላፊ ያልሆነው በጥቁር፣ ተላላፊው በቢጫ፣ ስለታም ነገር በሴፍቲ ቦክስ ይጣላል። ያገለገለ መርፌ ተመልሶ አይከደንም። ካርድ ክፍል ለመግባት የሚጠየቅም ልጅ ቢሆን የሕመምተኛ ምሥጢር አማና መሆኑን ማወቅ አለበት፤ የጎረቤቱን ካርድ አንብቦ ሰፈር የሚያወራ ሰው ለዚያ ቦታ አይሆንም። «ልምድ አለህ?» ሲባል ደግሞ ያልሠራውን ሠርቻለሁ አይበል። «በልምምድ ይህንን አይቻለሁ፤ ያንን ግን በተቆጣጣሪ ፊት መማር እፈልጋለሁ» የሚል መልስ ከውሸት ልምድ ይልቅ ያስከብራል።

ሥራው ሲገኝ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ በዚያ ጊዜም ሠራተኛው ደመወዝ ይከፈለዋል። ለመንግሥት ሠራተኞች የተለየ አዋጅ አለ። በዚሁ አዋጅ መሠረት ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። ስድስት ወር ብቻ ሠርቶ የወጣ ልጅም ይህንን ሳይዝ አይውጣ። ለቅጥር ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካለ ግን ከእርሱ መራቅ ይገባል።

ስለ ጤናውም ያስብ። ደም በሚነካበት ክፍል የሚሠራ ሁሉ፣ ጽዳት ሠራተኛም ጭምር፣ የጉበት በሽታ ቢ ክትባትን በሦስት ዙር ሊወስድ ይገባዋል። መርፌ ቢወጋው ፈርቶ አይደብቅ፤ የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ መጀመር አለበትና ወዲያው ለኃላፊው ይንገር።

የዋሱ ነገር

እስካሁን የተናገርነውን ሁሉ ልጁ በራሱ ጥረት ሊያሟላው ይችላል፤ ዋስን ግን ከራሱ ሊያወጣ አይችልም። አባት ያለው ልጅ አባቱን፣ ወይም የአባቱን ወዳጅ ይጠራል። የቲም ማንን ይጥራ?

በመድረሳ ፊቅህ የተማርን ሁሉ «ከፋላ» የሚለውን ምዕራፍ እናስታውሳለን፤ ዋስትና ማለት ነው። የቲምን ማሳደግም በዐረብኛ «ከፋላ» ይባላል። መርየምን (ዐ.ሰ.) በእርሳቸው ኃላፊነት ሥር ያሳደጉት ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) እንደነበሩ ሱረቱ ኣሊ ዒምራን ይነግረናል፤ ቃሉም ይኸው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለት ጣቶቻቸውን ጎን ለጎን አድርገው በጀነት ከእርሳቸው ጋር እንደሚቀራረብ ያበሠሩት የየቲም «ካፊል» ነው። እንግዲህ ራሳችንን ካፊል ብለን ስናበቃ ልጁ ዋስ ባጣበት ቀን ከሌለን የስሙን ግማሽ ብቻ ይዘናል ማለት ነው።

ዋስ ለመሆን የሚፈሩ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ እንዲገለጽ ያዛል፤ ያ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ ወረቀቱን አንብቡ፣ መጠኑ መጻፉን አረጋግጡ፣ ከዚያ ልጁን የምታውቁት ከሆነ ፈርሙ። ቋሚ ደመወዝ የሌላችሁም ብትሆኑ ደመወዝ ያለውን ወዳጃችሁን ልታስተዋውቁት ትችላላችሁ። ከወርሃዊ መዋጮው ይልቅ ይህ ፊርማ ለአንዳንዱ ልጅ የሚበልጥ ስጦታ ነው።

ከላይ ያነሳናት ልጅ በኋላ በሌላ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀጠረች። ዋስ የሆናት ከመምህራኖቻችን አንዱ ነው። ከዘጠኝ ወር በኋላ በዚያው ክሊኒክ የነርስ ቦታ ሲከፈት ልምድ የለሽም ያላት አልነበረም፤ ሥራዋን አይተውት ነበርና። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ የታናሽ ወንድሟን የትምህርት ወጪ የምትሸፍነው እርሷ ናት።

ውድ ደጋፊዎች፣ ልጆቻችሁ በዚህ ዓመት የሚመረቁ ከሆነ ከምርቃቱ በፊት ጥሯቸው። ወረቀታቸውን አብራችሁ እዩ፤ ዋስ እንዳላቸውም ጠይቋቸው። አላህ ለየቲሞች የታመንን ካፊሎች ያድርገን። ኣሚን።