በዐለት ስንጥቅ ሽቅብ

አንባቢ ሆይ፤ ከዲላ ተነሥተህ ወደ ቡሌ የወጣህ እንደ ሆነ፥ ቡናው ከኋላህ እየቀረ እንሰቱ፥ ገብሱና ቀርከሃው እንደሚበዛ፥ ብርዱም እንደሚበረታ ታውቃለህ። ዳገቱ ጉልበት ይፈትናል። ዳሩ ግን ሲደክምህ ከመንገዱ ዳር ቁጭ ትላለህ፤ ትንፋሽህ ሲመለስም ተነሥተህ ትቀጥላለህ። ዛሬ ልንነግርህ ያሰብነው ግን ደክሞኛል ብለው ቁጭ ስለማይሉበት ዳገት ነው፤ ይኸውም ቀጥ ብሎ የቆመን ገደል፥ እጅንና እግርን በስንጥቁ ውስጥ እየሸጎጡ መውጣት ነው።

«ይህማ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ትል ይሆናል። ገደል መውጣት ግን ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በትግራይ፥ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ አረጋዊ እንደ መሠረቱት የሚነገረው የደብረ ዳሞ ገዳም የሚገኘው በአምባ ላይ ነው። ወደዚያ የሚገባ ወንድ ከቆዳ የተጎነጎነ ገመድ ጨብጦ ወደ 15 ሜትር የሚጠጋ ገደል ይወጣል። ሌላ ገመድ በወገቡ ይታሰርለትና ከላይ ያለው መነኩሴ ይስብለታል። በገርዓልታም ወደ አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡት ካህናት፥ በባዶ እግራቸው የዐለቱን እርከን እየረገጡ ይወጣሉ።

በዚሁ በገርዓልታ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ማይካ ቡርሃርት የተባለች አሜሪካዊት ከሦስት ሴቶች ጋር መጥታ፥ በአሸዋ ድንጋዩ ላይ አዳዲስ መንገዶችን ወጣች። «ቨርቲካል ኢትዮጵያ» የተባለው መጽሐፏም በማግሥቱ ዓመት በሻማ ቡክስ አሳታሚነት ወጣ።

በደብረ ዳሞና በዚህኛው አወጣጥ መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደ ሆነ አስተውል። በደብረ ዳሞ ገመዱ የሚመጣው ከላይ ነው፤ የሚወጣው ሰው እጁ ቢከዳው እንኳ ገመዱ ወዲያው ይይዘዋል። በስንጥቅ የሚወጣው ሰው ግን ከላዩ ማንም የለም። ገመዱን የሚስበው ራሱ ነው፤ ጓደኛውም ከታች ሆኖ ጥቂት በጥቂት ይለቅለታል።

እንግዲህ አንተ ፊት ፊት የምትወጣው ነህ እንበል። እጅህን ዘርግተህ በስንጥቁ ውስጥ ታስገባለህ፤ አውራ ጣትህን ወደ መዳፍህ ስታጥፍ እጅህ ያብጥና እንደ ሽብልቅ ይያዛል። የጫማህንም ጫፍ በጎኑ አስገብተህ ትጠመዝዘዋለህ። ጥቂት ከወጣህ በኋላ ከመታጠቂያህ አንድ የብረት መሣሪያ ፈትተህ በስንጥቁ ውስጥ ትወትፍና ገመድህን በቀለበቱ ታሳልፋለህ። ቀድሞ እንግሊዞች ለዚህ ሥራ የመኪና ዳዶ ጥርሱን እየሞረዱ ይጠቀሙ ነበር። በ1970ዎቹ ሬይ ጃርዲን የተባለ አሜሪካዊ፥ ሲጎተት ይበልጥ የሚከፈትና ዐለቱን የሚነክስ መሣሪያ ሠራ፤ ስሙም «ፍሬንድ» ተባለ፥ ወዳጅ ማለት ነው።

ይህ ወዳጅ ግን የሚታመነው በሚገባ የተቀመጠ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ከመጨረሻው መሣሪያ በላይ 3 ሜትር ወጥተህ ብትወድቅ፥ መሣሪያው ቢይዝልህ እንኳ 6 ሜትርና ገመዱ የሚለጠጠውን ያህል ትወርዳለህ። ገመዱ ናይለን የሆነውም ስለዚህ ነው፤ እየተለጠጠ የመውደቁን ኃይል ያበርዳል። በቡሌ ከእንሰት ቃጫ የሚገመደው ገመድ ጭነት ለማሰር ቢበጅም፥ የሚወድቅ ሰው እንዲይዝ አልተሠራም።

ገመዱ ሊያልቅ ሲል ምቹ ቦታ ፈልገህ፥ ቢያንስ በሦስት መሣሪያዎች ራስህን ከዐለቱ ጋር ታስራለህ። ጓደኛህም የተከልከውን እየነቀለ ወዳንተ ይወጣል። ይህ አንድ ምዕራፍ ነው። ረጅም ገደል ብዙ ምዕራፍ አለው።

በሦስተኛው ምዕራፍ መካከል ስንጥቁ ሰፋ እንበል። እጅህ አይያዝም፤ ለዚያ ስፋት የሚሆን መሣሪያም አልቆብሃል። ጫፉ ይታይሃል። ጓደኛህ ከታች «አይዞህ» ይልሃል። ክንድህ ግን ይንቀጠቀጣል። ምን ታደርጋለህ? ብዙ ሰው «እዚህ ድረስ ደርሼ እንዴት እመለሳለሁ» ይላል። ዐዋቂው ግን የኋለኛው መሣሪያ ገና ከእግሩ ሥር ሳለ ይወስናል። ሁለት ሦስት ውድ መሣሪያዎችን ለዐለቱ ትቶ በገመድ ይወርዳል። ዝናብ የዘነበ እንደ ሆነም ጨርሶ አይጀምርም፤ የአሸዋ ድንጋይ ሲርስ ጥንካሬው ስለሚቀንስ የተተከለው መሣሪያ ዐለቱን ገንጥሎ ሊወጣ ይችላልና።

ይህን ሥራ ለመማር የምትሻ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ብትሆን፥ ከሚያውቅ አስተማሪ ጋር ከአጭር ዐለት ጀምር፤ ገመዱም እንደ ደብረ ዳሞው ከላይ ይሁን። ፊት ፊት መውጣቱ ኋላ ይደርሳል። ወደ ገርዓልታ የሄድህ እንደ ሆነ፥ አስቀድመህ የአገሩን ሰዎች ጠይቅ፤ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ገደል ላይም መሣሪያ አትትከል።

እስከዚያው ድረስ የቡሌን ዳገት በእግርህ ውጣው፤ ለሳንባህ የሚጠቅም ልምምድ ነው። በመንገድህም ራስህን ጠይቅ፦ ከጫፉ ጥቂት ሲቀረኝ፥ ጓደኛዬም እያየኝ፥ «እንውረድ» ለማለት እደፍራለሁን?