መትረፍ ሌላ፣ ማፍራት ሌላ

«ድርቅ የሚቋቋም ስንዴ» ሲባል ብዙ ሰው አንድ ልዩ ጂን የተገኘ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይቀልም። የዳቦ ስንዴ ከሦስት ዘመዳሞች የተዳቀለ ስለሆነ የሦስቱንም ክሮሞሶም ይዞ 42 አድርሷል፤ ዘረመሉም ከሰው አምስት እጥፍ ገደማ ይረዝማል። አብዛኞቹ ጂኖች ሦስት ሦስት ቅጂ ስላላቸው፣ አንዱ ቢበላሽ ሁለቱ ይሸፍኑለታል። ድርቅን መቻልም ሆነ ምርት ደግሞ ጥቂት ጥቂት በሚያዋጡ እጅግ ብዙ ጂኖች የሚወሰን ነው።

ይባስ ብሎ ሁለቱ ጠባዮች ይጋጫሉ። ቅጠሉ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ። ውሃ ተንኖ የሚወጣውም፣ ስኳር የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባውም በእነዚሁ ነው። አፈሩ ሲደርቅ አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ቀዳዳዎቹን ያስዘጋል። ውሃው ይተርፋል፤ ምግቡም ይቆማል። ቶሎ የሚዘጋ ስንዴ ሳይሞት ይከርማል፣ ዛላው ግን ቀላል ነው። ገበሬው ደግሞ የሚያጭደው ፍሬ እንጂ የቆመ ቅጠል አይደለም።

ይህን ሂሳብ ለማስታረቅ ከሞከሩት የሚደንቁኝ አውስትራሊያ ውስጥ የሠሩት ግራሃም ፋርኩሃርና ሪቻርድ ሪቻርድስ ናቸው። ካርቦን ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው። ቅጠል ቀላሉን ይመርጣል፤ ቀዳዳዎቹ ጠበብ ሲሉ ግን ማማረጡን ቀነስ ያደርግና ከባዱንም ይወስዳል። ስለዚህ የደረቀ ቅጠል ተፈጭቶ ሲመረመር፣ ተክሉ ሲያድግ ውሃውን በቁጠባ ይሁን በብክነት እንዳወጣው ይታወቃል። ሁለቱ ይህን በስንዴ ላይ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ በዚሁ መንገድ የተመረጠው ድራይስዴል የተባለ ዝርያ በ2002 ለገበሬ ወጣ። ብልጫው ጎልቶ የሚታየው ዝናብ ሲያጥር ነው፤ ዝናቡ ሲበዛ ልዩነቱ ይመነምናል።

የቁመት ጂኖችም የዚሁ ሙግት አካል ናቸው። የስንዴ አዳቃዩ ኖርማን ቦርሎግ ሜክሲኮ ላይ የተጠቀመባቸው፣ ኖሪን 10 ከተባለው የጃፓን ስንዴ የመጡት ጂኖች፣ ተክሉ ጂበሬሊን ለተባለው የእድገት ሆርሞን እንዳይታዘዝ አድርገው አገዳውን አሳጠሩት። አጭር ስንዴ ማዳበሪያ ቢበዛለትም አይጋሽብም፤ ለአገዳ ይውል የነበረውም ለፍሬ ይሆናል። (ጭዱን ለከብቱ የሚፈልግ ሰው ይህን ሁሉ እንደ ትርፍ ላይቆጥረው ይችላል።)

ጣጣው ከመሬት በታች ነው። የበቀለ ስንዴ ስትነቅሉ ከፍሬው ተነሥቶ ቡቃያውን የሸፈነ ነጣ ያለ ሰገባ ታያላችሁ፤ አፈሩን ሰንጥቆ የሚወጣው እሱ ነው። እነዚያ ጂኖች ይህንንም ያሳጥሩታል። እርጥበቱ ወደ ታች ሲሸሽ ዘሩን ጠለቅ አድርጎ መዝራት ግድ ይላል፤ አጭሩ ሰገባ ግን ላይ ሳይደርስ ያልቃል፣ ቅጠሉም አፈር ውስጥ ተጨማዶ ይቀራል። ከፓስታ ስንዴ የተገኘው አርኤችቲ18 የሚባለው ጂን በአንጻሩ አገዳውን ሲያሳጥር ሰገባውን አይነካም። የአውስትራሊያ አዳቃዮች አሁን በአሮጌዎቹ ምትክ እሱን ወደ ዝርያዎቻቸው እያስገቡ ነው።