በአንድ ፔኒ የተሸጠ ስብከት

በቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ውስጥ በየሳምንቱ ሐሙስ አንድ የታተመ ስብከት ለሽያጭ ይቀርብ ነበር። ዋጋው አንድ ፔኒ ነው፤ የቀን ሠራተኛም ቢሆን አይከብደውም። በሳምንት 25,000 ያህል ቅጂ ይሸጣል፤ በመርከብ ተጭኖ አሜሪካና አውስትራሊያ ይገባል፤ ከ20 በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል። ሰባኪው ቻርልስ ሃደን ስፐርጀን ይባላል። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠ፣ እጅ ተጭኖበት ያልተሾመ የባፕቲስት መጋቢ ነው።

ስፐርጀን በ1834 በኤሴክስ ግዛት ኬልቨደን በምትባል መንደር ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገና ሕፃን ሳለ በስታምቦርን መንደር አገልጋይ የነበሩት አያቱ ወስደው ለጥቂት ዓመታት አሳደጉት። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ በመስኮት ብዛት ግብር ይከፈል ስለነበር፣ የአያቱም ቤት አንዳንድ መስኮቶች በልስን ተደፍነዋል። ከጨለሙት ክፍሎች በአንዷ ውስጥ ፒዩሪታን የሚባሉት የድሮዎቹ የእንግሊዝ ፕሮቴስታንት ሊቃውንት ወፋፍራም መጻሕፍት ተከማችተው ነበር። ትንሹ ቻርልስ እነዚያን መጻሕፍት እየጎተተ ወደ ብርሃን ያወጣቸዋል። የጆን በንያንን የክርስቲያን መንገደኛ ታሪክም ያገኘው እዚያው ሲሆን፣ በዕድሜው መቶ ጊዜ ያህል እንዳነበበው ይነገራል። በኋላ በሺዎች ፊት የሰበከው ትምህርት ከዚያች ጨለማ ክፍል የወጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ15 ዓመቱ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1850፣ ኮልቸስተር ከተማ ውስጥ በረዶ መንገድ ዘጋበትና ያላሰበበት ትንሽ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ገባ። የዕለቱ ሰባኪ አልመጣም። በምትኩ አንድ ቀጭን፣ ብዙም ያልተማረ ሰው ተነሥቶ ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 45 ቁጥር 22 ያለውን ይዞ ተናገረ። የሚለው ሲያልቅበት ዓይኑን ወደ እንግዳው ልጅ ወርውሮ፣ ፊትህ ላይ ጭንቀት ይታያል፣ ወደ ክርስቶስ ተመልከት አለው። ስፐርጀን እስከ ዕለተ ሞቱ የዳንኩት በዚያች ሰዓት ነው ይል ነበር።

በዚያው ዓመት በሜይ ወር በላርክ ወንዝ ተጠመቀ። ቤተሰቡ ሕፃናትን የሚያጠምቅ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ ነበር፤ ባፕቲስቶች ግን ሰው አምኖ፣ በራሱ ፈቃድ፣ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ካልሆነ ጥምቀት አይሉትም። እናቱ፣ ክርስቲያን እንድትሆን እንጂ ባፕቲስት እንድትሆን ጸልዬ አላውቅም ቢሉት፣ እግዚአብሔር ከለመንሽው አትርፎ ሰጠሽ ሲል መለሰላቸው።

በ17 ዓመቱ በካምብሪጅ አቅራቢያ ያለችውን የዋተርቢች ቤተ ክርስቲያን ማገልገል ጀመረ። አባቱ ኮሌጅ እንዲገባ ፈልገው ነበርና ከአንድ የባፕቲስት ኮሌጅ ኃላፊ ጋር ካምብሪጅ ውስጥ በአንድ ቤት ቀጠሮ ተያዘ። የቤቱ ሠራተኛ ወጣቱን በአንዱ ሳሎን፣ ኃላፊውን በሌላው አስቀመጠችና ለማንም ሳትናገር ቀረች። ሁለቱ ግድግዳ ለይቷቸው ሲጠባበቁ ቆዩ። ኃላፊው ባቡር እንዳያመልጣቸው ሄዱ፤ ስፐርጀንም ሳይማር ቀረ። ራሱ ግን በ1856 ለድሆች ሰባኪዎች ኮሌጅ ከፈተ።

በ1854 ወደ ለንደኑ ኒው ፓርክ ስትሪት ቤተ ክርስቲያን ሲጠራ ገና 19 ዓመቱ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ቤቱ ሰው አልችል አለ። በኦክቶበር 1856 በአንድ ግዙፍ የሙዚቃ አዳራሽ ሲሰብክ አንዱ በሐሰት “እሳት!” ብሎ ጮኸ፤ በግፊያው 7 ሰዎች ሞቱ። ስፐርጀን ያገባው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሲሆን፣ መንታ ልጆቹ ከተወለዱ ገና አንድ ወር ያህል ነበር። ሐዘኑ ከመድረክ አራቀው፤ ከዚያ ወዲህ ድባቴ በየጊዜው ይመላለስበት ነበር። ይህንንም አልደበቀም፤ ለኮሌጁ ተማሪዎች አገልጋይ ስለሚይዘው የመንፈስ ስብራት ራሱን የቻለ ትምህርት ሰጥቷል።

በዓመቱ ግን ክሪስታል ፓላስ በተባለው የመስታወት አዳራሽ ያለ ድምፅ ማጉያ ለ23,654 ሰው ሰበከ። በ1861 ደግሞ ከ5,000 በላይ ሰው የሚይዘው ሜትሮፖሊታን ታበርናክል ያለ ዕዳ ተመረቀ።

ይህ ሰው ስብከቱን የሚያዘጋጀው መቼ ነው? ቅዳሜ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት እንግዳ ይቀበላል፤ ከዚያ አሰናብቷቸው ወደ ጥናት ክፍሉ ይገባል። መድረክ ላይ ይዞት የሚወጣው በቁራጭ ወረቀት ላይ የተጫሩ ጥቂት መስመሮችን ነው። የሚናገረውን በምልክት የሚከትብ ፈጣን ጸሐፊ ከሥር ይቀመጣል። ሰኞ ስፐርጀን ጽሑፉን ሰርዞና ደልዞ ያርማል፤ ሐሙስ ገበያ ላይ ነው። ትምህርቱ የፒዩሪታኖቹ፣ የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ማሠራጫው ግን የዘመኑ አዲስ ፈጠራ መሆኑ ነው የሚገርመው። እሱ ሞቶ እንኳ ያልታተሙት ስብከቶች በየሳምንቱ መውጣታቸውን ቀጥለው 63 ቅጽ ሞሉ፤ በ1917 የቆሙት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተነሳ ወረቀት ስለጠፋ ነው። ከዚህ ሌላ የመዝሙረ ዳዊት ማብራሪያው ብቻ 7 ቅጽ ነው።

የትምህርቱ ወግ አጥባቂነት ግን ግፍ ሲያይ ዝም አላሰኘውም። ባርነትን በማውገዙ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች መጻሕፍቱ ተቃጠሉ። ከቨርጂኒያ ባርነት ነፃ የወጣው ቶማስ ጆንሰን በ1876 ስፐርጀን በከፈተው ኮሌጅ ገብቶ ተማረና ወንጌል ሊሰብክ ካሜሩን ሄደ።

በ1887 ግን ጠቡ ከገዛ ወገኖቹ ጋር ሆነ። ከ1865 ጀምሮ በሚያዘጋጀው ወርሃዊ መጽሔት፣ አንዳንድ አገልጋዮች የመጽሐፍ ቅዱስን የእግዚአብሔር ቃልነትና የክርስቶስን ቤዛነት እየሸረሸሩ ነው ሲል ጻፈ። እሱም አባል የሆነበት የባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ሰዎች፣ እነዚህ አገልጋዮች እነማን ናቸው ቢሉት ስም አልጠራም። ጥያቄያቸው አግባብ ነበር፤ ስም የሌለው ክስ ንጹሑንም ያስጠረጥራል። ኅብረቱ በበኩሉ ከጥምቀት ያለፈ በጽሑፍ የሰፈረ የእምነት መግለጫ ስላልነበረው፣ ማንንም በምን እንደሚዳኝ አያውቅም። ስፐርጀን በኦክቶበር ለቅቆ ወጣ። በጃንዋሪ 1888 የኅብረቱ ምክር ቤት ነቀፈው። በኤፕሪል ሁለቱን ወገን ለማስታረቅ የታሰበ የአቋም መግለጫ ለጉባኤ ሲቀርብ፣ ሐሳቡን ከደገፉት አንዱ የገዛ ወንድሙ ጄምስ ነበር።

ሪህና የኩላሊት በሽታ ለዓመታት ሲያሰቃየው ኖሮ፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 1892 የብርዱን ወራት ሊያሳልፍ በሚሄድባት የፈረንሳይ ከተማ ማንቶን በ57 ዓመቱ አረፈ። ታበርናክሉ በ1898 በእሳት፣ በ1941 በጀርመን ቦምብ ወድሟል፤ ሁለቴም ከእነ ዓምዶቹ የተረፈው የፊት ለፊቱ ክፍል ነው። ከኋላው ባነሰ መጠን እንደገና በተሠራው ቤት ጉባኤው ዛሬም ይሰበሰባል፤ የባፕቲስት ኅብረቱ አባል ግን አይደለም።