የግመል ወተት አልረጋም ሲባል፦ ከፊልቱ የመጣ ጥያቄ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ በፊልቱ አንዲት ወተት ሻጭ የጠየቁኝ ጥያቄ ነው። «ወተቱ ሁለት ቀን ቢያድርም አልረጋም፤ ደፋሁት» አሉኝ። የደፉት ወተት የቤታቸው አስቤዛ ነበር። ለመሆኑ ወተቱ በእርግጥ ሳይብላላ ቀርቶ ነበርን?

አስቀድመን መርጋትንና መኮምጠጥን እንለይ። በነገሌ አካባቢ ቦረናዎች ከላም ወተት የሚያዘጋጁት ኢቲቱ ወፍራም ነው። ሶማሌዎች ዳናን የሚሉት የኮመጠጠ የግመል ወተት ግን በባሕርዩ ቀጭን ነው። የላም ወተት ካፓ ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ከጠቅላላው ኬዚን 13 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በግመል ወተት ከ5 በመቶ አይበልጥም፤ ቤታ ላክቶግሎቡሊን ደግሞ ፈጽሞ የለውም። ስለዚህ አሲዱ በቂ ቢሆንም እርጎው አይጠነክርም። ብያኔ መስጠት ያለብን በውፍረቱ ሳይሆን በአሲዱ ነው፤ ትኩስ ወተት ፒኤቹ 6.5 አካባቢ ሲሆን፣ በደንብ ሲኮመጥጥ ወደ 4.5 ይወርዳል።

ፒኤቹ ካልወረደ ግን እውነተኛ ችግር አለ ማለት ነው። የግመል ወተት ላክቶፌሪንና ላይሶዛይም የተባሉ ተህዋስያንን የሚገቱ ፕሮቲኖች ስላሉት አጀማመሩ አዝጋሚ ነው። ከዚህም ሌላ አራት ምክንያቶችን እንመርምር፦ እርሾው አርጅቶ ወይም አንሶ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ከመጠን በላይ ታጥኖ፣ ወይም ጀሪካኑ የሳሙናና የበረኪና ቅሪት ይዞ ሊሆን ይችላል፤ በመጨረሻም ግመሏ እንደ ኦክሲቴትራሳይክሊን ያለ መድኃኒት ተወግታ ሊሆን ይችላል።

እነዚህን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ከአንዱ እርሾ እኩል መጠን ወስደን፣ በንጹሕ ዕቃ፣ አንዱን በተጠረጠረው ወተት፣ ሌላውን መድኃኒት ካልተወጋች እንስሳ በታለበ ወተት ላይ እንጨምር፤ ሁለቱንም በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እናቆይ። ሁለቱም ካልኮመጠጡ እርሾው ሞቷል። ሁለተኛው ብቻ ከኮመጠጠ ጥፋቱ በወተቱ ውስጥ ነው። ሁለቱም ከኮመጠጡ ደግሞ ዕቃውንና ብርዱን እንጠርጥር።

መድኃኒት ከተጠረጠረ እርሾ በመጨመር ችግሩን ለመሸፈን መሞከር አይገባም። ማፍላትም ቅሪቱን ለማጥፋት አስተማማኝ አይደለም። እርሾውን የገታው መድኃኒት ለሕፃን ሲሰጥ አንዳንዶችን ለአለርጂ ይዳርጋል፤ መድኃኒትን የተላመዱ ተህዋስያንም እንዲበረክቱ ያግዛል። በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ እስኪያልፍ ወተቱ ለምግብ አይውልም።

እንግዲህ ለወይዘሮዋ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ቀጭን ነው ብለው አይድፉት፤ መኮምጠጡን ይመልከቱ፤ ካልኮመጠጠ ግን ግመሏ መቼ እንደተወጋች ይጠይቁ። እርሾው በዚያች ቤት ያለ ብቸኛ ላቦራቶሪ ሊሆን ይችላልና፣ ዝምታውን ማንበብ እንልመድ።