«እምቢ» የማለት ዕድሜ

አንዲት እናት የሁለት ዓመት ተኩል ልጇን ሸሚዝ ልታለብሰው ስትሞክር «እምቢ! እኔ ራሴ!» ይላታል። ሸሚዙን ሰጥታው ብትጠብቅ፣ እጁን በአንገትጌው በኩል ያወጣና ያለቅሳል። ልትረዳው ብትጠጋ ልቅሶው ይብሳል፤ መሬት ላይ ተዘርሮ እግሩን ያወራጫል። ይህን ያየች ጎረቤት «እኅቴ፣ ይህ ልጅ ሞልቃቃ ሆኖብሻል፤ በአርጩሜ ካልቀጣሽው አይመለስም» ትላታለች። እናቲቱም ታመነታለች።

እንዲህ ያለው ጠባይ ግን የክፋትም የሙልቅናም ምልክት አይደለም። አብዛኛው ሕፃን ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በመስተዋት የሚያየው መልክ የራሱ መሆኑን ይለያል። «እኔ»ና «የኔ» ማለትንም የሚለምደው በዚሁ ሰሞን ነው። ራሱን ከእናቱ የተለየ ሰው አድርጎ ማየት ስለ ጀመረ፣ የራሱን ፈቃድ ሊሞክር ይሻል፤ ለዚህም ካሉት ጥቂት ቃላት መካከል ዋናው መሣሪያው «እምቢ» ነው። የሚመኘው ብዙ፣ የሚናገረው ግን ጥቂት በመሆኑ፣ በቃል ያልወጣው ምኞት በልቅሶ ይወጣል። በዚህም ላይ ስሜትን ለመግታት የሚያገለግለው፣ ከግንባር በስተኋላ የሚገኘው የአንጎል ክፍል፣ ዘግይተው ከሚበስሉት ክፍሎች አንዱ ነው፤ እድገቱ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ይቀጥላል። ቁጣውን መግታት የሚያቅተው ጎልማሳ በየመንደሩ እያለ፣ ከሁለት ዓመት ልጅ ትዕግሥት መጠበቁ የሚያስገርም ነው።

ከፍ ያለውም ልጅ ቢሆን ነገሮችን የሚያየው እንደ ትልቅ ሰው አይደለም። የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. 1896-1980) የገዛ ሦስት ልጆቹን ጨምሮ ብዙ ሕፃናትን በቅርብ በመከታተል ይህን አሳይቷል። ከታወቁት ሙከራዎቹ አንዱ እንዲህ ነው፦ በሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆዎች እኩል ውኃ ይቀዳል፤ ሕፃኑም እኩል መሆኑን ያምናል። ከዚያም የአንዱ ውኃ ዐይኑ እያየ ወደ ጠባብና ረጅም ብርጭቆ ይገለበጣል። የአራት ወይም የአምስት ዓመቱ ልጅ ታዲያ በረጅሙ ብርጭቆ ያለው ውኃ ይበዛል ይላል፤ የሚፈርደው በከፍታው ብቻ ነውና። እንግዲህ «ለወንድሜ ብዙ ወተት ተቀዳለት» እያለ የሚያለቅስ ልጅ ስስታም ሳይሆን፣ ያየውን የሚናገር ሊሆን ይችላል። በተመሳሳይ ብርጭቆ ቀድቶ መስጠት ከረጅም ተግሣጽ ይልቅ ጠቡን ያበርዳል።

ወላጆችን ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን የመጀመሪያው ውሸት ነው። ሁለት የኦስትሪያ ተመራማሪዎች፣ ሃይንዝ ቪመርና ዮሴፍ ፐርነር፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ለሕፃናት አንድ ታሪክ ነግረዋል። አንድ ልጅ ቸኮላቱን በአንድ ቁም ሣጥን አስቀምጦ ይወጣል፤ እናቱም እሱ ሳያይ ወደ ሌላ ቁም ሣጥን ታዛውረዋለች። ልጁ ሲመለስ ቸኮላቱን ወዴት ይፈልጋል? በሦስት ዓመት ዕድሜ ያሉ ልጆች ባብዛኛው ቸኮላቱ አሁን ያለበትን ቦታ ያመለክታሉ፤ እነርሱ የሚያውቁትን ሌላው ሰው ላያውቀው እንደሚችል ገና አልተረዱምና። ይህን የሚረዱት ከአራት ዓመት ገደማ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሲኒ ሰብሮ «ድመቷ ናት» የሚል ልጅ፣ የእናቱ አሳብ ከእሱ አሳብ የተለየ መሆኑን መገንዘብ ጀምሯል ማለት ነው። ውሸቱ ይታረም እንጂ፣ «ይህ ልጅ ሌባ ይሆናል» የሚያሰኝ አይደለም። «ና፣ ስብርባሪውን አብረን እንልቀመው» ብትለው፣ ጥፋትን መናገር ዱላ እንደማያስከትል ይማራል።

ይህ ሁሉ ሲባል ልጅ እንዳሻው ይሁን ማለት አይደለም። ጀበና የተጣደበትን ከሰል ሊነካ የሚሮጥ ልጅ ወዲያው ይያዛል፤ ታናሹን የሚነክስ ልጅም ይከለከላል። ነገር ግን በመምታት «አትማታ» ማለት ሕፃኑን ግራ ያጋባዋል። ልቅሶው እስኪበርድ አጠገቡ ሆኖ መጠበቅ፣ ጨዋታውን ከማስቆም በፊት አስቀድሞ መንገር፣ «ቀዩን ሸሚዝ ትለብሳለህ ወይስ ሰማያዊውን?» ብሎ ማስመረጥ ይሻላል። ሸሚዝ መልበሱ ሳይቀር ልጁም ፈቃዱን ፈጸመ።

በአንጻሩ «ያድጋል፣ ይተወዋል» ተብሎ የማይታለፍ ነገር አለ። በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃላት አገናኝቶ የማይናገር፣ ስሙ ሲጠራ ዘወር የማይል፣ ወይም ይናገራቸው የነበሩትን ቃላት የተወ ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እየተባለ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ልጁ አልታዘዝ ያለው ጆሮው ስለማይሰማ መሆኑ የሚታወቅበት ጊዜ አለ። እስከዚያ ድረስ ግን ስንት ጊዜ ተገርፎ ይሆናል።