ባሕር ዛፍ ወይስ ጤፍ? የወግዲ ገበሬ ስሌትና የካርቦን ገበያ

በወግዲም ሆነ በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሕር ዛፍ በቁሙ፣ ሳይቆረጥ የሚዋዋል ደላላ ሳያውቀው የኢኮኖሚ ሞዴል እየሠራ ነው። የደን ኢኮኖሚስቶች በኮምፒዩተር የሚያሰሉትም በመሠረቱ ይህንኑ ነው፦ ከዓመታት በኋላ የሚገኝ ብር ዛሬ ስንት ያወጣል?

ለምሳሌ ከ6 ዓመት በኋላ 1,000 ብር የሚያወጣ አጣና በዓመት 15 በመቶ ወለድ ሲታሰብ የዛሬ ዋጋው 432 ብር ገደማ ነው። ወለዱ 30 በመቶ ከሆነ ወደ 207 ብር ያሽቆለቁላል። ዛፉ ያው ዛፍ ነው፤ የሚለየው የባለቤቱ ችግር ነው። ለማዳበሪያ ወይም ለክረምት ቀለብ ብር የቸገረው ገበሬ በ3ኛው ዓመት በቁሙ ይሸጣል፤ መጠበቅ የቻለው ነጋዴ ልዩነቱን ኪሱ ያስገባል።

ጤፍ በየዓመቱ ገንዘብ ይሆናል፤ ነገር ግን በሬ፣ ዘርና ጉልበት ይፈልጋል። ባሕር ዛፍ ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በመሆኑም ጉልበት ያጠረውና መሬቱ የሳሳበት ቤተሰብ ወደ ዛፉ ቢያደላ አይገርምም። ጥላውና ሥሩ በጎረቤት ማሳ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ግን በባለቤቱ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ባለሙያዎች «ውጫዊ ወጪ» ይሉታል፤ ገበሬው ስሙን ሳይሰማ በሽማግሌ ሲካሰስበት ኖሯል።

ጀርመናዊው ማርቲን ፋውስትማን በ1849 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር የባዶ መሬትን ዋጋ ከዛፉ ገቢ ያሰላል። በኢትዮጵያ መሬት ስለማይሸጥ ውጤቱ የሚነጻጸረው ከኪራይ ወይም ከእኩል አራሽ ድርሻ ጋር ነው።

መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. 150 ሚሊዮን ቶን የነበረው የአገሪቱ ልቀት ካልተገታ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን እንደሚደርስ ያሰላል። ከ150ው ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን የሚመነጭ ሲሆን፣ የአንድ ጥማድ መሬት ውሳኔ የአገር ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ካርቦን በኢትዮጵያ ተሽጧል። በወላይታ የሁምቦ 2,728 ሄክታር ተራራ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ተመዝግቦ፣ የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ከዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ክፍያ አግኝተዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ካርቦን የሚከፈለው ዛፉ ቆሞ እስካለ ድረስ፣ አጣና የሚከፈለው ደግሞ ሲቆረጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ በወግዲ በኩል ለካርቦን ገዢ የሚስማማው የጓሮ ባሕር ዛፍ ሳይሆን፣ የተራቆተ ገደላገደልና እንደ ቦረናው ደንቆሮ ጫካ ያለ የተፈጥሮ ደን ነው።

ሞዴሎቹ የሚዘሉት ነገር በሽታ ነው። በአዊ፣ ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ ተክለው በአራትና በአምስት ዓመት ከሰል እያከሰሉ ጥሩ ገንዘብ አግኝተዋል። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን የዋግ በሽታ ገብቶ ተክሉን ጨረሰው። ማሳውን በሙሉ በዛፍ የሸፈነው ገበሬ እህሉንም ከገበያ ገዢ ሆኖ ቀረ።